ከባሕር በራቀ ከተማ የመርከብ ትምህርት

፩. ከትምህርት ቤቱ በፊት የነበረው ትምህርት

በጣና ዳር የመጀመሪያው የመርከብ ትምህርት ቤት ደንገል የሚታጨድበት ስፍራ ነው። ደንገሉ ከሐይቁ ጠርዝ ታጭዶ ይጠወልጋል፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል፣ አፉ ቀና ያለ ታንኳም ይሆናል። ሥራውን ከማንም በላይ የሚያውቁት ወይጦዎች ናቸው። ልጅ ጥበቡን የሚማረው ከአባቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ሲያስር ነው፤ ተጽፎ የሚሰጠው ነገር የለም። ደንገል ውሃ ስለሚጠጣ ታንኳው ውሎ ሲመለስ ይከብዳል። ስለዚህ ባለቤቱ ከውሃ አውጥቶ ፀሐይ ያስመታዋል። ያረጀውን ደግሞ ይጥለዋል፤ እሱም በስብሶ አፈር ይሆናል። ዛሬ የመርከብ ተመራማሪዎች «ዘላቂ የውሃ ትራንስፖርት» ሲሉ የሚፈልጉት በቅርብ ከሚበቅል ነገር የሚሠራ፣ ያለ ነዳጅ የሚሄድ፣ ሲያረጅም ውሃውን የማይበክል መጓጓዣ ነው። ታንኳ ይህን ሁሉ ማንም ስም ሳያወጣለት ያሟላ ነበር።

ደኅንነቱም የራሱ ሕግ ነበረው። ጣና ጠዋት ዝም ይላል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣበታል። ከዘጌ እንጨት ጭነው ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚቀዝፉ ሰዎች ጎህ ሲቀድ የሚነሡት ለዚህ ነው። ሐይቁ 84 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 66 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ጥልቀቱ ግን በአማካይ ከ8 እስከ 9 ሜትር ነው፤ ከፍተኛውም ከ14 ሜትር ብዙ አይርቅም። እንዲህ ባለ ሰፊና ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ የሚነሣ ሞገድ አጭር፣ ቀጥ ያለና ፋታ የማይሰጥ ነው። ትንሽ ጀልባን የሚገለብጠውም ይኸው ነው። ቀዛፊዎቹ ይህን በቀመር አላሰሉትም፤ የመነሻ ሰዓታቸውን ግን በልኩ ቆርጠዋል።

ለደቅ ደሴት ነዋሪ፣ ለዳጋ እስጢፋኖስና ለክብራን ገብርኤል መነኩሴ፣ ጣና የሚያዩት መልክዓ ምድር ብቻ አይደለም፤ መንገዳቸው ነው። ጉዞው በሌላ ሰው እጅ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ተሳፋሪው ራሱ ቀዛፊ እስከሆነ ድረስ የአባት ምክር ይበቃዋል። ሞተር መጥቶ፣ ገበያተኛ፣ ታማሚና ተሳላሚ የማያውቁትን ጀልባ ነጂ አምነው መሳፈር ሲጀምሩ ግን አንድ ጥያቄ ተነሣ፤ ይህ ሰው ሥራውን እንደሚያውቅ ማን መሰከረ? ጀልባዋ ስንት ሰው እንደምትችልስ ማን ለካ? መርከበኛ የሚያሠለጥንና የጀልባን ደኅንነት የሚያጠና ተቋም ፍላጎት የተጀመረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

በጣሊያን ወረራ ዘመን በሐይቁ ሰሜን ዳር ያለችው ጎርጎራ የሞተር ጀልባ ወደብ ሆነች። ኋላም የጣና ሐይቅ ትራንስፖርት ድርጅት መደበኛ አገልግሎት ይሰጥ ጀመር። ለረጅም ዓመታት ጀልባው እሑድ ማለዳ ከባሕር ዳር ተነሥቶ፣ ደቅን አልፎ፣ ቁንዝላ አድሮ በማግሥቱ ጎርጎራ ይገባ ነበር። ሁለት ቀን የሚፈጀው ይህ ጉዞ መንገድ ላልደረሰባቸው የዳርቻ ቀበሌዎች ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኝ ዋና መሥመር ነበር።

፪. ሐይቁን የለኩት ሁሉ የጠየቁት አንድ ጥያቄ

ጣና በአፍሪካ ሐይቆች መካከል ሳይለካ የቆየ ሐይቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920 እና 1921 ግራብሃምና ብላክ የተባሉ የእንግሊዝ ባለሙያዎች ሊያጠኑት መጡ። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን ዳርቻውን ዞሮ ካርታውን አረመ። እ.ኤ.አ. በ1930 እና 1931 የአሜሪካው ጄ. ጂ. ዋይት ኩባንያ መሐንዲሶች ለግድብ ቦታ ቀየሱ። እ.ኤ.አ. በ1937 በዳይኔሊ የተመራ የጣሊያን የሳይንስ ቡድን ጥልቀቱን፣ ዓሣውንና አፈሩን መረመረ። ከ1958 እስከ 1964 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የመስኖ መሥሪያ ቤት የዓባይን ተፋሰስ በሙሉ አጠና።

እነዚህን ሥራዎች አንድ ላይ ሳያቸው የሚገርመኝ፣ አብዛኞቹ የተነሡት በአንድ ጥያቄ መሆኑ ነው። ምን ያህል ውሃ ማቆር ይቻላል? ከታች ላለው የጥጥ እርሻ ምን ያህል ይለቀቃል? ስንት ኪሎ ዋት ይወጣዋል? ሐይቁ እንደ ጋን ተለካ። በላዩ ላይ ለሚሄደው ሰው ድንጋዩ የት ላይ እንደተደበቀ፣ ነፋሱ በየትኛው ወር እንደሚከፋ፣ ወደቡ በበጋ ምን ያህል እንደሚጎድል የሚናገር ሰነድ ግን የእነዚህ ጥናቶች ዓላማ አልነበረም። ይህ የጥንት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በስድስተኛው ክፍል ተመልሰን እናገኘዋለን።

፫. በዓለም ተቋሙ በአደጋ እየተማረ አደገ

ዩኒቨርሲቲ መርከብን እንደ ትምህርት የያዘው በኢንዱስትሪው አብዮት ማግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 ዊልያም ፍሩድ በእንግሊዝ ቶርኪ ከተማ ረጅም የውሃ ገንዳ ሠርቶ የመርከብ ሞዴል እየጎተተ ውሃው ምን ያህል እንደሚቃወመው መለካት ጀመረ። በ1883 የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የመርከብ ግንባታ ፕሮፌሰርነት ወንበር አቋቋመ። በዚያን ጊዜ ጥያቄው ፍጥነትና የድንጋይ ከሰል ቁጠባ ነበር።

የደኅንነቱ ጥናት የመጣው በሞት በኩል ነው። በ1912 ታይታኒክ ስትሰጥም ከ1,500 በላይ ሰው አለቀ፤ የሕይወት አድን ጀልባዎቿ ለተሳፋሪው ግማሽ ያህል ብቻ የሚበቁ ነበሩ። በ1914 የባሕር ላይ ሕይወት ደኅንነት ስምምነት የተፈረመው በዚህ ሳቢያ ነው። የብክለቱም ጥናት መነሻው አደጋ ነው። በ1967 ቶሪ ካንየን የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ በእንግሊዝ ዳርቻ ተሰብራ ነዳጇ ሲፈስ፣ በ1973 የመርከብ ብክለትን የሚከለክል ስምምነት ተዘጋጀ። የዓለም አቀፉ የማሪታይም ድርጅት በ1983 በስዊድን ማልሞ ከተማ የዓለም ማሪታይም ዩኒቨርሲቲን ያቋቋመው፣ ድሃ አገሮችም የራሳቸው መርማሪና አስተዳዳሪ እንዲኖራቸው ነው። አሁን ደግሞ የአየር ንብረት ተራ ደርሷል፤ ድርጅቱ በ2023 ባሻሻለው ዕቅድ የዓለም መርከቦች የሚለቁት የሙቀት አማቂ ጋዝ እ.ኤ.አ. በ2050 ገደማ ወደ የተጣራ ዜሮ እንዲወርድ ይፈልጋል።

ስለዚህ የዚህ ዓይነት ተቋም በየትም አገር ሁለት እጅ አለው። አንደኛው እጅ መርከበኛ ያሠለጥናል። ሁለተኛው ለምን አደጋ እንደደረሰ፣ ምን ቢለወጥ እንደማይደርስ ይመረምራል። ሁለቱ ካልተገናኙ ሠልጣኙ የትናንቱን ብቻ ይማራል፤ ተመራማሪውም መርከብ ያልረገጠ ይሆናል።

፬. ከቀይ ባሕር ወደ ጣና

የኢትዮጵያ የባሕር ተቋማት የተወለዱት ቀይ ባሕር ዳር ነው። በምፅዋ በኖርዌይ መኮንኖች እገዛ የባሕር ኃይል ሠለጠነ። በ1952 ዓ.ም. የባሕር ሕግ ታወጀ። በ1956 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት ተመሠረተ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም መርከቦቹ ሥራ ጀመሩ። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነፃ አገር ስትሆን ምፅዋና አሰብ ከነማሠልጠኛቸው ሄዱ፤ የባሕር ኃይሉም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈረሰ። የንግድ መርከቦቹ ግን ቀሩ። መርከብ በጎረቤት ወደብ ሊሠራ ይችላል፤ ጅቡቲን ይዞም ሠርቷል። ተተኪ መኮንን ከሌለው ግን ባሉት ሰዎች ዕድሜ ልክ ብቻ ይኖራል።

ይህን ጭንቀት ያባባሱትና መፍትሔም ያቀረቡት ሁለት እርምጃዎች ናቸው። የማሪታይም ዘርፍ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 549/1999 ዘርፉን የሚቆጣጠርና ለመርከበኛ ምስክር ወረቀት የሚሰጥ መሥሪያ ቤት አቋቋመ። ከዚያ በ2004 ዓ.ም. የመርከብ፣ የማሪታይምና ትራንዚት እንዲሁም የደረቅ ወደብ ድርጅቶች ተዋሕደው የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ አገልግሎት ድርጅት ሆኑ። በዚያው ሰሞን በቻይና የተሠሩ ዘጠኝ አዳዲስ መርከቦች ተራ በተራ ገቡ። በኢትዮጵያ ከተሞች ስም ተጠሩ፤ ከሁለቱ ነዳጅ ጫኞች የአንዱ ስም «ባሕር ዳር» ነበር። ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ስም በውቅያኖስ ላይ ይዞር ጀመር። በሞተር ክፍሉ የሚቆመውን ወጣት የምታወጣውም ያችው ከተማ ሆነች።

ለምን ባሕር ዳር? ከባሕር በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የራቀች፣ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት። መልሱ ከፊሉ በሐይቁ፣ ከፊሉ በብረት ሥራው ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት የቴክኒክ ትብብር የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በብረታ ብረት፣ በኤሌክትሪክና በግብርና መሣሪያ ቴክኒሻኖችን ሲያወጣ ኖሯል። ፖሊ ቴክኒኩና እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው የመምህራን አካዳሚ አንድ ላይ ሆነው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን መሠረቱ፤ ዩኒቨርሲቲው በይፋ የተመረቀው ሚያዝያ 28 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። በአገሪቱ የከፍተኛ ትምህርት መስፋፋት ዘመን ብዙ ሜካኒካልና ኤሌክትሪካል መሐንዲሶች ተመረቁ፤ ሥራ ግን ለሁሉም አልተገኘም።

በሌላው የዓለም ጫፍ ደግሞ ተቃራኒው ችግር ነበር፤ መርከብ እየበዛ መኮንን ጠፋ። የዓለም መርከብ ባለቤቶች ማኅበራት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ዘገባ እስከ 2026 ድረስ ተጨማሪ 89,510 መኮንኖች እንደሚያስፈልጉ ገምተዋል። እዚህ ሥራ ያጣ መሐንዲስ አለ፤ እዚያ መሐንዲስ ያጣ መርከብ አለ። በ2003 ዓ.ም. አካባቢ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዋይ ሲ ኤፍ ከተባለ የውጭ ኩባንያ ጋር ሆኖ የኢትዮጵያ ማሪታይም ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩትን የከፈተው እነዚህን ሁለት እጦቶች ለማገናኘት ነው። ኋላም ማሪታይም አካዳሚ ተባለ።

የጊዜው አጋጣሚም ረድቶታል። መርከበኞች በምን መመዘኛ እንደሚሠለጥኑ የሚወስነው እ.ኤ.አ. የ1978ቱ ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2010 እ.ኤ.አ. በማኒላ ተሻሽሎ ኤሌክትሮ ቴክኒካል ኦፊሰር የተባለውን ሙያ በደረጃ አካቷል። የመርከብ ሞተር በኮምፒውተር፣ ጭነት ማንሻው በኤሌክትሮኒክስ በሚታዘዝበት ዘመን ኤሌክትሪካል መሐንዲስ በመርከብ ላይ ሕጋዊ ወንበር አገኘ። በዩኒቨርሲቲው የተማረ ልጅ ያለውን ዕውቀት ሳይጥል ወደ ባሕር የሚሻገርበት ድልድይ ይህ ነው።

፭. አደረጃጀቱ፦ አራት እግር ያለው ወንበር

የባሕር ዳሩ ተቋም ከሌሎች የዩኒቨርሲቲ ክፍሎች የሚለየው ብቻውን ማንንም አስመርቆ ባለሙያ ማድረግ አለመቻሉ ነው። አራት ወገኖች ካልተስማሙ አንድ መርከበኛ አይወጣም።

መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው ነው፤ የመሐንዲስነት ዲግሪ ያለውን ወጣት ይቀበላል፣ መምህርና ወርክሾፕ ያቀርባል። ሁለተኛ ከመርከብ ኩባንያዎች ጋር የሚያገናኘው አጋር ነው። ሦስተኛው የመርከቡ ባለቤት ነው፤ ሠልጣኙን (ካዴቱን) በመርከቡ ላይ አስቀምጦ ያለማምደዋል። አራተኛው መንግሥት ነው፤ በማሪታይም ባለሥልጣኑ በኩል ፈትኖ የብቃት ምስክር ወረቀቱን ይሰጣል። ከአራቱ ደካማው ሦስተኛው ይመስለኛል። የመማሪያ ክፍል መሥራት ይቻላል፤ የሰው መርከብ ላይ አልጋ ማግኘት ግን ልመናም ውልም ይጠይቃል። በየትኛውም አገር የመርከብ ትምህርት ቤት ሠልጣኝ ሲከማችበት የሚከማቸው እዚህ በር ላይ ነው።

በባሕር ዳር ያለው የመሬት ላይ ሥልጠና ስድስት ወር ያህል ይፈጃል። ሁሉም በአራት መሠረታዊ የደኅንነት ትምህርቶች ያልፋሉ፤ ውሃ ውስጥ ሲወድቁ ራስን ማትረፍ፣ እሳት መከላከልና ማጥፋት፣ የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ፣ የግል ደኅንነትና አብሮ የመኖር ኃላፊነት። ከዚያ በሙያቸው የመርከብ ሞተር፣ ፓምፕ፣ ጄነሬተር፣ የነዳጅ ማጣሪያና የመርከብ እንግሊዝኛ ይከተላል። የሥልጠናው ወጪ ሠልጣኙ ሥራ ከያዘ በኋላ ከደመወዙ እንዲመለስ የሚያደርግ የብድር ውልም ተዘርግቶ ነበር። የድሃ ገበሬ ልጅ በውጭ ምንዛሪ የሚቆጠር ሥልጠና ሊገባ የቻለው በዚህ ነው፤ ይህን አሠራር ከተቋሙ ትልልቅ ሥራዎች አንዱ አድርጌ አየዋለሁ።

ዓለም አቀፉ መመዘኛ ለሞተር መኮንን የወርክሾፕና የባሕር ልምምድ ተደምሮ ቢያንስ 12 ወር ይጠይቃል፤ ከዚህ ውስጥ 6 ወሩ በሞተር ክፍል ተረኛነት የሚያልፍ ነው። «ተረኛነት» ስንል ቀላል ነገር አይምሰለን። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ በቢስኬይ ባሕረ ሰላጤ ማዕበል መካከል፣ አርባ ዲግሪ በሚሞቅ ክፍል ውስጥ፣ የዘይት ግፊት መቀነሱን በድምፁ ለይቶ ማወቅ ማለት ነው። ይህን ጣና አያስተምርም። ራስን ከውሃ ማውጣትን፣ የሕይወት አድን ጀልባ ማውረድን፣ በቡድን መቅዘፍን ግን ያስተምራል።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2017 የኢትዮጵያን የመርከበኛ ሥልጠናና ምስክር ወረቀት አሠራር ተቀበለ። ይህ ማለት በባሕር ዳር ጀምሮ በአዲስ አበባ የተፈተነ መኮንን በአውሮፓ ባንዲራ ሥር በሚሄድ መርከብ ሊቀጠር ይችላል ማለት ነው። ወደብ ለሌላት አገር ትንሽ ነገር አይደለም።

፮. ሐይቁ የሚጠይቀው ጥናት

ሥልጠናው አንድ እጅ ነው ብለናል። ሁለተኛው እጅ፣ ምርምሩ፣ በባሕር ዳር በአንድ ጣሪያ ሥር አይደለም። የውሃውን ጉዳይ የብሉ ናይል የውሃ ኢንስቲትዩትና የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ይይዙታል፤ ዓሣውን የግብርና ተመራማሪዎች፤ መርከቡን አካዳሚው። ጀልባ ግን ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ትነካለች። የሚከተሉት አራት ጉዳዮች ይህን ያሳያሉ።

የመጀመሪያው የውሃው ከፍታ ነው። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨራ ጨራ ላይ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ፤ ኋላም በሮቹ ተጨመሩ። ሐይቁ የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫዎች ማጠራቀሚያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2003 ዝናቡ ሲያንስና ለኃይል የሚለቀቀው ውሃ ሲበዛ የሐይቁ ወለል ከልማዱ ውጪ ወረደ፤ ጀልባዎችም ቆሙ። ዓለም አቀፉ የውሃ አስተዳደር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ጥናት ወለሉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,785 ሜትር ሲያንስ ትልልቆቹ ጀልባዎች መሄድ እንደማይችሉ መዝግቧል። በተፋሰሱ የታቀደው ልማት ሁሉ ቢፈጸም ደግሞ የሐይቁ አማካይ ወለል በ0.44 ሜትር ዝቅ ይላል ሲል አስልቷል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ውሃውን ከቁንዝላ አጠገብ የሚስበው 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ማመንጫ ከዚህ ልማት ዋናው ነው።

ግማሽ ሜትር የማይሞላ ነገር ለመሐንዲሱ በሠንጠረዥ ላይ አንድ መስመር ነው። ዳርቻው እንደ ሳህን በለዘበ ሐይቅ ላይ ግን ወደቡ ከውሃው ይርቃል፤ ትናንት በላዩ ያለፉት ድንጋይ ዛሬ የጀልባውን ሆድ ይነካል። 1,785 የምትለዋን ቁጥር የወደድኳት ለዚህ ነው፤ በጣና ጥናት ታሪክ ውስጥ ጀልባ ነጂውን ከቁጥር ያስገባች ቁጥር ናት።

ሁለተኛው ከፍታውና ጨው አልባው ውሃ ነው። በ1,800 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በባሕር ወለል ተፈትኖ የመጣ ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ በካታሎጉ የተጻፈለትን ጉልበት አይሰጥም። ነጂው በወጀብ ጊዜ የሚጠብቀው ኃይል ላይኖረው ይችላል። ውሃውም ቀላል ነው። የባሕር ውሃ በጨው ምክንያት ከንጹሕ ውሃ 2.5 በመቶ ያህል ስለሚከብድ፣ ያው ጀልባ ያንኑ ሰው ጭኖ በጣና ላይ ጠለቅ ብሎ ይቀመጣል። በውቅያኖስ መርከቦች ጎን ላይ ለባሕርና ለንጹሕ ውሃ ሁለት የተለያዩ የጭነት ምልክቶች የሚቀቡት ለዚህ ነው። ሁለቱም ጉዳዮች ለአካዳሚው ካዴት መሠረታዊ ትምህርት ናቸው። በሐይቁ ላይ ላለው የሞተር ጀልባ ግን ስንት ሰው እንደሚጭን የሚወስነው የመቀመጫው ቁጥር ከሆነ፣ ይህ ስሌት የለበትም ማለት ነው።

ሦስተኛው እምቦጭ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ይህ አረም እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ መታየቱ ከተመዘገበ ወዲህ ሰሜን ምሥራቁን ዳር ደጋግሞ ሸፍኗል። ስለ ዓሣውና ስለ ግጦሹ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ጀልባው ጥቂት። እምቦጭ በሞተሩ ማራገቢያ (ፕሮፔለር) ላይ ይጠመጠማል፣ የማቀዝቀዣ ውሃ መሳቢያውን ይደፍናል፤ ሞተር የቆመባት ጀልባም በነፋስ ወዳልፈለገችው ዳር ትነዳለች። ነቀላው በእጅም በማሽንም ሲካሄድ ኖሯል። ለእምቦጭ የሚመች ማራገቢያና የማቀዝቀዣ መግቢያ መንደፍ ግን የሜካኒካል መሐንዲስ የመመረቂያ ሥራ ሊሆን የሚችል፣ በአንድ ዓመት የሚሠራ ነገር ነው።

አራተኛው ዘይትና ነዳጅ ነው። ጣና በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች አሉበት። ባለ ሁለት ምት የቤንዚን ሞተር ከሚጠጣው ነዳጅ ከፊሉን ሳያቃጥል ወደ ውሃ ይተፋል። የብክለት ስምምነቱ የተጻፈው ለባሕር መርከብ ነውና ሐይቁን የሚጠብቀው የአገር ሕግ ብቻ ነው። የአገር ውስጥ የውሃ ትራንስፖርት በማሪታይም ባለሥልጣኑ ሥር ስለሆነ የሕጉ ባለቤት አለ። ለሕጉ መነሻ የሚሆነው መለኪያ፣ የትኛው ሞተር በጣና ላይ ምን ያህል ይለቃል የሚለው ቁጥር፣ የዩኒቨርሲቲው ድርሻ ነው።

፯. ዛሬ ያለበት ቦታ

ተቋሙ ዛሬ በሁለት ውሃ መካከል ቆሟል። ሠልጣኞቹ ወደ ውቅያኖስ ይሄዳሉ፤ ለቤተሰባቸውም ለአገሪቱም የውጭ ምንዛሪ ይልካሉ። ሥራቸውን አከብራለሁ። ከግቢው ብዙ በማይርቀው የጀልባ ወደብ ግን ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ የሚሄዱ ሰዎች ይሳፈራሉ። እኔም በአንድ የበዓል ማለዳ ተሳፍሬ፣ የሕይወት አድን ጃኬቶቹ ከመቀመጫው ሥር በገመድ ታስረው አይቻለሁ፤ ማዕበል ቢነሣ ገመዱን ማን እንደሚፈታ ነጂውን ስጠይቀው ዝም አለኝ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ አይለቀኝም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያንን ጥያቄ የሚጠይቅ ትምህርት ቤት አልገባም። የሚያስተምረው ቤት ደግሞ በዚያው ከተማ አለ።

ለካዴቶች የሚሰጡት አራቱ የደኅንነት ትምህርቶች ለአንድ ሐይቅ ነጂ በአማርኛ፣ በአንድ ሳምንት፣ በዚያው ወደብ ላይ ሊሰጡ ይችላሉ። አካዳሚው መምህሩ፣ መሣሪያውና ሐይቁ አለው። የጎደለው ሥራውን የተቋሙ መደበኛ ተግባር የሚያደርግ መዋቅርና በጀት ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት የሐይቁን ጉዞም የመስክ ጥናትንም አክብዶታል፤ ይህን የማያይ ሐሳብ ከንቱ ነው። ቢሆንም የወደብ ላይ ትምህርት ሩቅ መሄድ አይጠይቅም።

በ2017 ዓ.ም. ጣናነሽ ሁለት የተባለች 38 ሜትር ርዝመት ያላት ጀልባ ከጅቡቲ ተነሥታ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና፣ በረሃና ዳገት አቋርጣ ወደ ባሕር ዳር ስትመጣ በየከተማው ሕዝብ ወጥቶ ተመለከታት። ከጨው ውሃ ዳር ተነሥታ ወደ ንጹሕና ከፍ ያለ ውሃ የመጣች ናት። በዚህ ሐይቅ ላይ ምን ያህል እንደምትጠልቅ፣ ወለሉ በሰኔ ወደ 1,785 ሲቃረብ ወደ የትኞቹ ወደቦች መጠጋት እንደሌለባት፣ ሞተሯ በስሱ አየር ምን ያህል እንደሚሰጥ የሚነግራት ጥናት ያስፈልጋታል። የጣና ትልልቅ ጀልባዎች ሁሉ ያስፈልጋቸዋል።

ውሃው በዓመት ውስጥ ዝቅ የሚለው በግንቦትና በሰኔ፣ ክረምቱ ሳይጠና ነው። የጥልቀት ካርታ ሊሠራ የሚገባው በዚያ ወቅት ነው፤ ድንጋዮቹ ለመታየት የሚቀርቡት ያን ጊዜ ነውና። አንድ ጀልባ፣ የጥልቀት መለኪያ መሣሪያ፣ ሁለት የውሃ ምህንድስና ተማሪዎች፣ አንድ የአካዳሚው መምህር ይበቃሉ። ከፊት መቅዘፊያ ይዞ የሚቀመጠው ደግሞ ከቁንዝላ እስከ ደቅ ያለውን ድንጋይ በስሙ የሚጠራ ሽማግሌ ባለታንኳ ይሁን፤ ካርታው ላይ መጀመሪያ የሚጻፉት እሱ የሚጠራቸው ስሞች ናቸው።